ጥርጣሬው የቱ ላይ ይሁን? ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚባለውና እውነታው

ክረምት በገባ ቁጥር በአዲስ አበባ ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ጎፋ ሁለት ተቃራኒ ንግግሮች ጎን ለጎን ይሰማሉ። አንደኛው «የአየር ንብረት ለውጥ ምናምን የሚሉት የፈረንጅ ወሬ ነው፤ ድሮም ድርቅ ነበር፣ ድሮም ጎርፍ ነበር» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ቱቦ ተደፍኖ አስፋልቱ ኩሬ ሲሆን «ምን ይደረግ፣ የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። የመጀመሪያው በብዛት የሚሰማው በታክሲ ወረፋና በጀበና ቡና ዙሪያ ነው፤ ሁለተኛው በስብሰባ አዳራሽና በመግለጫ። ሁለቱም ይሳሳታሉ።

ክርክሩ ዛሬ እንደ ድሮው የምሁራን ብቻ አይደለም፤ ኪስ ውስጥ ገብቷል። የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር ተሻግሯል። በየክረምቱ የችግኝ ተከላ ጥሪ ይመጣል፤ በየወንዙ ዳር ቤት ይፈርሳል፣ መናፈሻ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ 32ኛው ኮፕ፣ በኢትዮጵያ ይካሄዳል። በዚህ ሁሉ መሀል ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥርጣሬ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሳይንሱን ይጠራጠራል፣ ሌላው ፖሊሲውን። የመጀመሪያው ማስረጃ የለውም። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ጥያቄ ያነሣል። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው።

ተረት 1፦ «የአየር ንብረት ለውጥ ፈረንጆች በቅርቡ የፈጠሩት አጀንዳ ነው»

እውነታ፦ ሐሳቡ ከእኛ ዘመን ይልቅ ለቅድመ አያቶቻችን ዘመን ይቀርባል። አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1856፣ ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ የተለያዩ ጋዞችን በመስታወት ቱቦ ሞልታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘው ቱቦ ከሌሎቹ ይበልጥ ሞቆ አገኘችው። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በዓድዋ ዓመት፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ስቫንቴ አሬኒየስ የተባለ ስዊድናዊ ሳይንቲስት ይኸው ጋዝ በአየር ላይ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በእጁ አስልቶ አሳተመ። ያኔ የካርቦን ገበያ አልነበረም። የአየር ንብረት ጉባኤም፣ በዶላር የሚጻፍ ፕሮፖዛልም አልነበረም።

አሠራሩም ምሥጢር አይደለም። የፀሐይ ብርሃን አየሩን አልፎ መሬትን ያሞቃል፤ መሬት ሙቀቱን መልሳ ወደ ሕዋ ስትልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድና መሰል ጋዞች ከፊሉን ይዘው ያስቀሩታል። ፋብሪካ ሳይስፋፋ በፊት ከ1 ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆኑት 280 ያህል ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 አልፈዋል። «ፀሐይዋ ራሷ በርትታ ይሆናል» የሚል ካለ፣ መልሱ ከላይኛው አየር ይገኛል። የጨመረው የፀሐይ ኃይል ቢሆን ኖሮ የታችኛውም የላይኛውም የአየር ክፍል በሞቀ ነበር። በመሣሪያ የተለካው ግን የታችኛው እየሞቀ፣ የላይኛው እየቀዘቀዘ መሄዱን ነው። ሙቀቱ ከታች ተይዟል ማለት ነው።

ልኬቱ የውጭ አገር ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች በተሰበሰበ መረጃ መሠረት የአገሪቱ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጨምሯል። ይህ ቁጥር በአኃዝ ሲያዩት ያነሰ ይመስላል፤ ለትንኝ ግን ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በቢሾፍቱ አካባቢ የተመዘገቡ የወባ ሕሙማንን ከሙቀት መዝገብ ጋር ሲያነጻጽር፣ ሞቃታማ በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። የጥናቱ ቀዳሚ ጸሐፊ አሚር ሲራጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ቢሾፍቱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ሩቅ አይደለችም።

ተረት 2፦ «ድሮም ድርቅ ነበር፤ ምንም የተለየ ነገር የለም»

እውነታ፦ የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ከዓድዋ በፊት የነበረው ክፉ ቀን፣ የ66ቱ የወሎ ረሃብ፣ የ77ቱ እልቂት ሁሉ የሚታወሱ ናቸው። ክፉ ቀንን ያከፋው ከብቱን የፈጀው የደስታ በሽታ ነበር። በ66 የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን መደበቁ፣ በ77 ደግሞ ጦርነቱ የሟቹን ቁጥር አበዝተውታል። ድርቅን ሰማይ ያመጣዋል፤ ድርቁን ወደ ረሃብ የሚለውጠው ግን ብዙ ጊዜ ምድር ላይ ያለው አስተዳደር ነው። ይህን የሚል ተጠራጣሪ ልክ ነው።

ሳይንቲስቶችም ድርቅን ሁሉ በአየር ንብረት ለውጥ አያሳብቡም። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያንን ለምግብ እርዳታ የዳረገውን ድርቅ የመረመሩ ተመራማሪዎች ኤልኒኖ እንዳባባሰው ሲገልጹ፣ በዝናቡ መቀነስ ላይ የሰው ልጅ ያመጣው ለውጥ ግልጽ አሻራ አላገኙም። ይህንኑም ጽፈው አሳትመዋል። ገንዘብ ለማግኘት ብቻ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ውጤት አያወጣም።

ይኸው ዓይነት ምርመራ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ቦረናን፣ የሶማሌ ክልልን፣ ሰሜን ኬንያንና ሶማሊያን የመታውን ድርቅ ሲያይ ግን ሌላ መልስ ሰጠ። አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ባወጣው ትንታኔ፣ የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው አስታውቋል። ዋናው ምክንያት ሙቀቱ ነው። የወረደችው ትንሽ ዝናብ አፈር ውስጥ ሳትቆይ ትተናለች፤ ሣሩ ሳይነሣ ይደርቃል፣ ኩሬው ቶሎ ይነጥፋል። ቦረና ውስጥ ለዘመናት ድርቅን ሲቋቋም የኖረ አርብቶ አደር መንጋውን ሙሉ በሙሉ ያጣው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ድሮ ድርቅ ነበር ወይ?» ሳይሆን «የድሮው ዓይነት ድርቅ ዛሬ በሞቀ ምድር ላይ ሲመጣ ምን ያደርጋል?» መሆን አለበት።

«ይህ የፈጣሪ ቁጣ ነው፤ ሰው ምን ያገባዋል» የሚሉም አሉ። የእምነት ጉዳይ በቴርሞሜትር አይዳኝም። ሆኖም በአማራ ክልል ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሳለ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ብቻ ተጠብቆ የቀረውን የአገር በቀል ደን ያየ ሰው፣ አማኝ መሆንና ለምድር ኃላፊነት መውሰድ እንደማይጣሉ ያውቃል። ያንን ደን ለዘመናት ያቆየው የምእመናኑ እጅ ነው።

ተረት 3፦ «ጎርፉ የአየር ንብረት ለውጥ ስለሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም»

እውነታ፦ ይህኛው ተረት ከመንደር ይልቅ ከቢሮ ይወጣል። ግማሹ ሳይንስ ነው፤ አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት ይይዛል፣ ስለዚህ ሲዘንብ በአንድ ጊዜ አብዝቶ ያወርዳል። በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ እየበረታ እንደሚሄድ የተባበሩት መንግሥታት የሳይንስ ጉባኤ ሪፖርቶች ይተነብያሉ።

የቀረው ግማሽ ግን ከተማችን ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ከፍታ ወደ አቃቂ ዝቅታ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። ሰሜኑ ሲገነባና በአስፋልት ሲሸፈን፣ አፈር ይመጠው የነበረው ውሃ ሳይዘገይ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ትንሹ አቃቂ ወንዝም መካኒሳንና ላፍቶን አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርድ የላይኛውን ሰፈር ጎርፍም ቆሻሻም ይዞ ነው። ወንዝ ዳር ጎመንና ቆስጣ የሚያለማው ገበሬ ክረምት ላይ ማሳው በምን እንደተሞላ ያውቀዋል። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በከተማዋ የጣለው ዝናብ ያስከተለው ጎርፍ የሰው ሕይወት ሲቀጥፍ፣ ውሃው የሄደው እንደወትሮው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ነበር፤ አዲሱ ነገር በዚያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስንት ሰው እንደሚኖር ነው።

ዝናብ ካቆመ በኋላ በጀሞ መንገድ ዳር ያለ አንድ የቱቦ አፍ ጎንበስ ብሎ ማየት ብዙ ያስረዳል። ከላይ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተደራርቦ፣ ከሥሩ ፌስታል በጭቃ ተለውሶ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ከጎረቤት ግንባታ የወረደ አሸዋ ደርቆ ይገኛል። የብረት ክዳኑ ተሰርቆ ከሆነም እግረኛው በዱላ እየለካ ይሻገራል። ይህን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አላመጣውም።

«የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚለው ሰበብ ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን ለማየት ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጎን ያለውን ረጲን፣ ሰው «ቆሼ» የሚለውን፣ ማስታወስ ይበቃል። የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን የገደለው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከክረምቱ ዝናብ ብዙ ርቆ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የከተማዋ ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ተደርጎ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ስለተቃወሙ ተመልሶ ወደ ቆሼ መጣ። ገበሬውን ሳያማክሩ ቦታ መምረጥ፣ ተዳፋት ሥር ሰው እንዲኖር መተው፣ የሞላ ቦታ ላይ መልሶ መጨመር፤ ለዚህ ሁሉ ሰማይ አይጠየቅም።

ተረት 4፦ «የእኛ ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ስለዚህ አይመለከተንም»

እውነታ፦ ቁጥሩ ትክክል ነው። ኢትዮጵያ ወደ ከባቢ አየር የምትለቀው ጋዝ ከዓለም ድምር 1 በመቶ አይሞላም፤ ኃላፊነቱም በዋናነት ከመቶ ዓመት በላይ ከሰልና ነዳጅ ሲያነዱ በኖሩ አገሮች ላይ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «አይመለከተንም» ማለት ግን አያስኬድም፤ ጉዳቱ በድርሻ አይከፋፈልምና።

ደግሞም የኢትዮጵያ መንግሥት የያዘው መንገድ ብዙዎች እንደሚያስቡት ልማትን አቁሞ ፈረንጅን ማስደሰት አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በደርባን ጉባኤ ላይ ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱን ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ብሎ አስቀምጦ፣ በተለመደው መንገድ ከተኬደ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚያድግ ገመተ። አስገራሚው ክፍፍሉ ነው። ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን መመንጠር ይመጣል፤ ትራንስፖርት፣ ኤሌክትሪክ፣ ኢንዱስትሪና ሕንፃ እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የኢትዮጵያ ካርቦን በዋናነት ያለው በከብቱ፣ በእርሻውና በማገዶው ላይ ነው። እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ፣ ብዙ ወተት የምትሰጥ ጥቂት ላም፣ ያልተጨፈጨፈ ደን፤ እነዚህ ፈረንጅ ባይኖርም ለገበሬው የሚጠቅሙ ናቸው።

ተረት 5፦ «የነዳጅ መኪና የታገደው ለአየር ንብረት ለውጥ ተብሎ ነው»

እውነታ፦ ከላይ ያለውን 3 በመቶ ያስታወሰ ሰው መልሱን ግማሽ አግኝቷል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር የግል መኪና እንደማይገባ ሲያስታውቁ፣ የቀረበው ዋና ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነበር። ኢትዮጵያ ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ ኤሌክትሪክ ግን ከራሷ ወንዞች ታመነጫለች። የአየር ንብረት ጥቅሙ አብሮ የመጣ ምርቃት ነው።

ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሰው በነዳጅ ዋጋ ሲማረር ንዴቱ ወደ ሳይንሱ ይዞራል። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ የተደረገው መንግሥት ዕዳውን መሸከም ስላልቻለ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዋጋው ተተኮሰ። ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱንም የአየር ንብረት ጉባኤ አላስተላለፈውም።

አንድ ሌላ ወሬም ይታረም። እገዳው በማስገባት ላይ ነው። መንገድ ላይ ያለውን አሮጌ ቪትዝ ወይም ሚኒባስ ከመንገድ የሚያወጣ አይደለም። ባለሥልጣናት በአገሪቱ ያሉት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከ100,000 እንዳለፉ ቢናገሩም፣ በከተማችን ጎዳናዎች ላይ አብዛኛው ገና የነዳጅ ነው።

ተረት 6፦ «የኤሌክትሪክ መኪናም ያው በካይ ነው» እና «የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉን ይፈታል»

እውነታ፦ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ኤሌክትሪኩን ከድንጋይ ከሰል በሚያመነጭ አገር የኤሌክትሪክ መኪና ጥቅሙ ይቀንሳል። ኢትዮጵያ ግን ከምታመነጨው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው፤ የቀረውም በአብዛኛው ከንፋስ። ባትሪውን ፋብሪካ ላይ ለመሥራት የሚለቀቀው ካርቦን እውነተኛ ወጪ ቢሆንም፣ በግድብ ኃይል የሚሞላ መኪና ያንን ዕዳ ቶሎ ይከፍላል። ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ነገር ስለሌለም፣ ከሳር ቤት እስከ ጀርመን አደባባይ በትራፊክ የሚጨናነቀው እግረኛ የሚተነፍሰው አየር ይሻለዋል።

ታዲያ ጥርጣሬው የት ይግባ? ሥራ ላይ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ቢዋይዲ የኤሌክትሪክ መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ ከየትኛው ቆጣሪ ነው የሚሞላው? በመስኮት የወረደ ኤክስቴንሽን ገመድ ክረምት ላይ አደጋ ነው፤ ከጋራ መብራት ቢወስድም ሒሳቡን ጎረቤት ይከፍልለታል። ግድቡ ቢሞላ እንኳ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ካልቻለ መብራት ይሄዳል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው፤ ከግድቡ እስከ ቆጣሪው ያለው መንገድ ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። በ2011 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት የጊቤ 3 ውሃ ሲቀንስ መብራት በፈረቃ እንደነበርም ብዙዎች ያስታውሳሉ። ኃይሉን በአብዛኛው ከዝናብ የሚያገኝ አገር የአየር ንብረት ለውጥ በመጀመሪያ የሚነካው እሱኑ ነው።

የመለዋወጫ ጉዳይም አለ። በነፋስ ስልክ ሰፈር የሚያልፈው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ቴክኖሎጂው ንጹሕ መሆኑ ብቻ እንደማያዋጣ ከቀላል ባቡሩ የበለጠ አስተማሪ የለም። የጎፋና የመካኒሳ ጋራዦች መካኒክ በኢንጀክተርና በፒስተን ያደገ ነው፤ የባትሪ ጥገና የሚያስተምረው ማን ነው?

በመጨረሻም የፍትሕ ጥያቄ አለ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪና የተጨማሪ እሴት ታክስንና ኤክሳይዝን አንሥቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ተወ። ጥቅሙ የሚደርሰው መኪና መግዛት ለሚችለው ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ግን በእግሩና በሕዝብ ትራንስፖርት ይሄዳል። «ከግል መኪናው በፊት ለምን አውቶቡሱ አልቀደመም?» ብሎ መጠየቅ ሳይንስ መካድ አይደለም።

ተረት 7፦ «ደናችን ከ40 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወርዷል፤ መድኃኒቱም ችግኝ ነው»

እውነታ፦ ይህን ቁጥር ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ምንጩን ወደኋላ ተከትሎ ሲሄድ፣ 40 በመቶ የተባለው በልኬት ላይ ያልቆመ፣ ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ ግምት ሆኖ አገኘው። ደን አልተመነጠረም ማለት አይደለም፤ ተመንጥሯል። አዲስ አበባ ራሷ በምኒልክ ዘመን ማገዶ አጥታ ባሕር ዛፍ ባይመጣላት ኖሮ ምናልባት ዋና ከተማነቷን ታጣ ነበር። ነገር ግን በ2007 ዓ.ም. አገሪቱ የደን ትርጉሟን ስታሻሽልና በሳተላይት ስትለካ፣ የደን ሽፋኑ 15.5 በመቶ ገደማ ሆነ። ከ3 ወደ 15 ያደገው አብዛኛው በትርጉሙ ለውጥ እንጂ ዛፍ በቅሎ አይደለም። ይህን ሳይናገሩ ሁለቱን ቁጥሮች የሚያነጻጽር ሁሉ ያሳስታል።

ስለ አረንጓዴ አሻራ የችግኝ ተከላ ዘመቻም እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተባለ። በ12 ሰዓት ብናካፍለው በየሰከንዱ ከ8,000 በላይ ነው፤ ሰው ቢጠይቅ አይገርምም። ከዚህም የሚከብደው ጥያቄ ስንቱ ጸደቀ የሚለው ነው። የተተከለ ችግኝ ካርቦን የሚይዘው ዛፍ ሲሆን ነው፤ ይህም ዓመታትን፣ አጥርንና ከብት ጠባቂን ይፈልጋል።

«ሁሉም ይደርቃል» የሚለውም ግን ተረት ነው። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ሲያገግም፣ ሥራው በዋናነት ችግኝ መትከል ሳይሆን የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ ተመልሶ እንዲያቆጠቁጥ ከከብት መጠበቅ ነበር። ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ባለቤት ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮጀክቱ በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቦ ገቢ አስገኘላቸው። ልዩነቱን ያመጣው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በዘመቻ ተተክሎ ባለቤት የሌለው ችግኝ በየካቲት ፀሐይ ማንም አያጠጣውም።

ተረት 8፦ «ጉዳዩ ሁሉ የእርዳታ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው»

እውነታ፦ ገንዘቡ በጣም ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ እጃችን የገባው ግን ብዙ አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሃገን አፍሪካን ወክለው ሲደራደሩ፣ ሀብታሞቹ አገሮች እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እንዲያቀርቡ የሚለውን ሐሳብ ገፉ። ብዙ አፍሪካውያን ተሟጋቾች «አነስተኛ ጠየቁ፤ የአፍሪካን አቋም አላሉ» ብለው ወቀሷቸው። ወቀሳው የመጣው የአየር ንብረት ለውጥን ከሚያምኑ ሰዎች መሆኑን ልብ ይሏል። ያ ቃል የተሟላው ከሁለት ዓመት መዘግየት በኋላ በ2022 ነው፤ ከመንግሥታት ከመጣውም አብዛኛው ብድር እንጂ ስጦታ አይደለም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባቀረበችው የተሻሻለ ዕቅድ እስከ 2030 ልቀቷን ይደርስበታል ተብሎ ከተገመተው በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብታለች። ከዚህ 68.8 ውስጥ በራሷ አቅም የምታደርገው 14ቱን ነው፤ ቀሪው በውጭ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ጠቅላላ ወጪው 316 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን 80 በመቶው ከውጭ ይጠበቃል። እንግዲህ ፖለቲካዊ ክርክሩ እዚህ ላይ መሆን ነበረበት። ገንዘቡ ባይመጣ የትኛው ሥራ ይቀጥላል፣ የትኛውስ ይቀራል? በብድር ከመጣ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? ለወንዝ ዳር ልማት የተነሣው ቤተሰብ የት ነው የሚያርፈው?

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

ኮፕ 32 ሲደርስ አዲስ አበባ በብዙ መፈክር ትሞላለች። ለነፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ግን የሚጠቅሙት ጥያቄዎች አጫጭር ናቸው። ቱቦው ከሰኔ በፊት የሚጠረገው መቼ ነው፣ በማን? ባለፈው ክረምት ወረዳው ካስተከለው ችግኝ ስንቱ ቆሟል? ለኮንዶሚኒየም የመኪና መሙያ ቆጣሪ የሚያስገባው ማን ነው? የአውቶቡሱ ቁጥር ስንት ደረሰ? ትንሹ አቃቂ ውስጥ ፍሳሹን የሚለቀው ፋብሪካ ተቀጥቷል ወይ? እነዚህ ሁሉ በአንድ የወረዳ ስብሰባ ላይ ሊጠየቁ፣ በቁጥርም ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው።

«የአየር ንብረት ለውጥ ውሸት ነው» የሚል ሰው መንግሥትን የተቃወመ ይመስለዋል፤ ለባለሥልጣኑ ግን ከእሱ የተሻለ ወዳጅ የለም። የሚመጣው ዝናብ አይከብድም ከተባለ ቱቦውን ማስፋት ለምን ያስፈልጋል? ድርቁ አይብስም ከተባለ ኩሬ ለምን ይቆፈራል? «ሁሉም የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚለውም ያንኑ ባለሥልጣን ያድነዋል፤ በዚህኛው ጥፋተኛው ሰማይ ይሆናልና። ሙቀቱ እንደጨመረ ተቀብሎ፣ ለዚያ ምን ተሠራ ብሎ በቁጥር የሚጠይቅ ነዋሪ ግን ለማንም ማምለጫ አይተውም።